የእኔ ጆሮና የራሔል ጌጅ

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት ብልጭ አለች። ጠፋች፤ ደግማ ብልጭ አለች። ሹፌሩ እንደሚያስቸግር ልጅ በጣቱ ጫፍ መታ መታ አደረጋት።

«የዘይት ግፊት እያነሰህ ነው» አልኩት።

«እሷ ልማዷ ነው ወንድሜ። ስነዳ ትጠፋለች።»

«ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው የምትበራው?»

ዞር ብሎ አየኝ። «መካኒክ ነህ እንዴ?»

«ነኝ። ሳትቆይ አስፈትሸው።»

«ከበዓል በኋላ» አለና ማርሽ አስገባ።

ልደታ ማርያም ጋ ወርጄ በካፊያው ውስጥ ወደ ቤቴ ስሄድ ያቺ «ከበዓል በኋላ» አልለቀቀችኝም። ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ አንድ የነሐሴ ሳምንት ጎትታ አመጣችብኝ። ያንን ሳምንት በግጥም ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ግጥም ግን ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም፤ በግጥም ውስጥ ሰው መደበቅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ በተራ አማርኛ ልናገረው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጌጃ ሰፈር ውስጥ፣ ክረምት ክረምት ጭቃው ጫማ በሚያስቀር አንድ ቅያስ፣ የጋሽ ወልዴ ጋራዥ ነበረ። ሦስት መኪና ብቻ የሚይዝ ግቢ ነው፤ ግማሹ በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ ግማሹ ሰማይ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሞተር ማዳመጥ አይቻልም። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ እጃችንን አጣጥፈን፣ ደጅ ላይ ከሚጠበስ በቆሎ እየገዛን እየጋጥን እንቀመጣለን። አሁንም የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ካልተቀላቀለ ለእኔ ሙሉ አይመስለኝም።

እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ ስሜ ብሩክ አልነበረም፤ «ጆሮ» ነበር። ስሙን ያወጡልኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ረጅም ካቻቢቴ አነሣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር አሳርፌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ውስጡ ያለው ብረት ሁሉ ያወራኛል። የላላ ባልቦላ ቶሎ ቶሎ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ያለቀ ብሮንዝ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ የሚያርፍበት ስስ የብረት ልባስ፣ ደግሞ ከሩቅ ቤት እንደሚወቀጥ ሙቀጫ፣ ዝቅ ያለ፣ የታፈነ። ግጥምም የተማርኩት በዚሁ ጆሮ ነው። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቁሜ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ ቤት ሲመታና ሲሰበር በጆሮዬ እየለየሁ ደብተር ስሞላ ነበር የምውለው። ሁለቱም ነገር ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዳ ይመስለኝ ነበር። ጆሮዬ ላይ የመጣ ሰው ሁለቱንም ሊወስድብኝ የመጣ ሰው ነው።

አንድ ልማድ ነበረን። ምሳ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን በኦሞ ታጥበው፣ ትሪው ፊት ተቀምጠው ያማትቡና የመጀመሪያውን ጉርሻ ይጠቀልላሉ። ያ ጉርሻ የዕለቱን ከባድ ሥራ ለሠራ ሰው ነው። ማንም ስለዚህ ነገር ተናግሮ አያውቅም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ጉርሻ ከሞላ ጎደል የእኔ ነበር። የጋሽ ወልዴ ጣቶች ምንም ቢታጠቡ ትንሽ ትንሽ ግራሶ ግራሶ ይላሉ፤ ለእኔ ግን የዓለም ሁሉ ሹመት እነዚያ ጣቶች ላይ ነበር።

ራሔል የመጣችው ሰኔ ላይ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገና መመረቋ ነበር። አጠር ያለች ልጅ ናት፤ የሥራ ቱታዋ እጅጌ ስለሚረዝምባት ሦስት ጊዜ ታጥፈዋለች። የራሷ የሆነ የዘይት ግፊት መለኪያ ጌጅ ነበራት። በቢጫ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጋ ነው ይዛው የምትመጣው። መጀመሪያ ቀን ሳየው ሳቅሁ።

«ምሳሽን ይዘሽ መጣሽ?»

«ለአንተ አይበቃም» አለችኝ።

በሳምንቱ አንድ ሚኒባስ መጣ። ሞተሩ ያንኳኳል። ካቻቢቴዬን አስጠግቼ አዳመጥኩና «ብሮንዝ ነው፤ ሞተሩ ይውረድ» አልኩ። ባለቤቱ ፊቱ አመድ መሰለ። ራሔል ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። የዘይት መብራቱን የሚያበራውን ቡልቦ ፈታ በቦታው ጌጇን አሠረች፤ ሞተሩንም እስኪሞቅ ጠበቀች። መርፌው ቀጥ ብሎ ቆመ። «ግፊቱ ሙሉ ነው። ብሮንዝ አይደለም» አለች። ከዚያ በእጇ ብትፈልግ፣ ፊት ለፊት ቺንጋውን፣ የጎማ ቀበቶውን፣ የሚያዞረው ፑሊ ብሎን ላልቶ ኖሯል። በአሥር ደቂቃ አጠበቀችው። ባለቤቱ እጇን ሊስም ምንም አልቀረው።

ያን ቀን ጉርሻው ወደ እሷ ሄደ። የጋሽ ወልዴ እጅ በእኔ አፍንጫ ሥር አልፎ ሲሄድ አየሁት። እሷ የልማዱን ነገር ስለማታውቅ፣ «ኧረ ጋሼ ራሴ እበላለሁ» እያለች ትሽኮረመማለች። እኔ የምሞትለትን ነገር እሷ ልትመልሰው ትግደረደራለች።

ቅናት የሚያስገርም መካኒክ ነው። ሰውን ፈታትቶ እያንዳንዱን ብሎን ይቆጥራል። ጋሽ ወልዴ በቀን ስንት ጊዜ «ራሔል» እንደሚሉ እቆጥር ነበር። ድሮ መኪና ሲገባ «ጆሮ ምን አለ?» ነበር የሚሉት፤ ሐምሌ ላይ «ጌጁ ምን አለ?» ሆነ። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«ጌጅሽን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ብትሄጂ ይሻላል፤ የሰው ግፊት ትለኪበታለሽ» አልኳት።

ጋሽ ወልዴ ከመኪና ሥር ሆነው ሰሙን። «እኔም ግፊት አለብኝ፤ መጀመሪያ እኔን ለኪኝ» አሉና ሁሉም ሳቀ። እኔ ሳልሆን እሳቸው አሳቁ። እሱም አናደደኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት ዝናብ ይዞን በቆሎ እየበላን፣ አንድ ደንበኛ መብራቱ ለምን ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ እንደሚበራ ጠየቃት። ራሔል የበቆሎውን ቆረቆንዳ እያገላበጠች፣ «ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ብሮንዙ ካለቀ ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። ቀጭን ነገር የሰፋ ቤት አይሞላም» አለችው። እንዲሁ ነው የተናገረችው፤ ምንም ሳይመስላት። እኔ የበቆሎዬን ፍሬ ሳልውጥ ቀረሁ። ሁለት ደብተር ሙሉ ጽፌ እንደዚያ ያለ አንድ ስንኝ አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ስሟን ግን አልጻፍኩም።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታ ነበር፤ ጋሽ ወልዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ምሳችንም ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በዚያው ሰሞን አረፋ ቀርቦ ነበርና ሰፈሩ ውስጥ የስልጤና የጉራጌ ነጋዴዎች ሁሉ አገር ቤት ለመግባት መኪናቸውን ያሠሩ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ ከጋራዡ ሦስት ቤት አልፎ ሚስማርና ቀለም የሚሸጡ፣ ዕቃ በዱቤ የሚሰጡን ሰው። በዓሉ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነጭ የቤት መኪናቸውን ይዘው መጡ። ከገዟት ስድስት ወሯ ነው።

«ሜክሲኮ ጋ መንገድ ሲዘጋብኝ ቀይ መብራት ታበራብኛለች» አሉ። «ከነገ በስቲያ ማለዳ ከቤተሰቤ ጋር እወጣለሁ። የሴቶች አረፋ ዕለት እናቴ ቤት መግባት አለብኝ። ሦስት ዓመት ቀርቼባታለሁ። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ‹ፊትህን ሳየው ልሙት› ብላኛለች። ወላሂ ዘንድሮ ቢቀር አልምረውም ብላለች።»

ለማያውቅ ልንገረው። ከዋናው አረፋ በፊት ያለው ቀን የሴቶች አረፋ ይባላል፤ እናቶች አተካና የሚሠሩበት፣ ቅቤው፣ አይቡና ቆጮው የሚዋሐድበት ቀን። በዚያ ቀን ያልደረሰ ልጅ በማግሥቱ በሬ ይዞ ቢመጣም የእናቱን እጅ አልበላም ማለት ነው። ጋሽ ሸምሱ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው።

«ግፊቱን በሙቁ ልለካው» አለች ራሔል።

እኔ ካቻቢቴዬን አንሥቼ ነበር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ዘይቱም ወፍራም። ጥሩ ይዘምራል። «ቡልቦው ነው የሞተው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ግፊቱ ምንም አልሆነም። አሁን እነዳትና ትሞቃለች፤ ስመለስ አረጋግጥላችኋለሁ።» ጋሽ ወልዴ ቁልፉን ወረወሩልኝ።

ከጌጃ ሰፈር በልደታ አድርጌ ሜክሲኮ ወጣሁ። አደባባዩ ጋ እንደወትሮው መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ በላይ ባቡሩ ያልፋል፤ ረዳቶች ይጮኻሉ። መስኮቱን ዘጋሁት። ሞተሩ ሞቋል። መብራቷ ብልጭ ማለት ጀመረች። ነዳጁን ትንሽ ረገጥኩና ለቀቅኩ። ስለቀው መጣ፤ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። ዝቅ ያለ፣ የታፈነ፣ ከሩቅ ቤት የሚወቀጥ ሙቀጫ።

ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። በጨርቅ ይዤ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ አንዱ ሲነቀል ያ ፒስቶን ሥራ ስለሚያቆም፣ የታመመው ብሮንዝ በእሱ ሥር ያለው ከሆነ ድምፁ ይለዝባል። አንደኛው፣ ምንም። ሁለተኛው፣ ምንም። ሦስተኛውን ስነቅል ድምፁ ጠፋ ማለት ይቻላል። መለስኩት፤ ተመለሰ። ሦስተኛውን ፒስቶን የያዘው ዘንግ፣ የሦስተኛው ቢዬላ፣ ብሮንዙ አልቋል። ጌጅ ቢሆን ግፊቱ ማነሱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ እኔ ግን የትኛው እንደሆነ አውቄአለሁ። እዚያ አደባባይ ዳር፣ በጭቃ ላይ ቆሜ፣ ከራሔል የበለጥኩበት ቅጽበት ነበር።

ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? ያኔም ዛሬም የማውቀው መልስ አንድ ነው። ተመልሼ «ብሮንዝ ነው» ብል፣ ጋሽ ወልዴ «ራሔል ልለካ ስትል አልሰማም አልክ፤ ልክ ነበረች» ይሉኛል። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሪው ይቀርባል። ያ እጅ እንደገና በአፍንጫዬ ሥር አልፎ ሲሄድ ታየኝ። ይኸው ነው። የሰው እናት፣ የሰው መንገድ፣ አራት ሕፃናት ያሉባት መኪና፣ ከአንዲት ጉርሻ ጋር ተመዝነው ቀለሉብኝ።

ስመለስ ከአንድ ሱቅ በጣም ወፍራም የሆነውን የሞተር ዘይት ገዛሁ፤ አዲስ ቡልቦም ጨመርኩ። መኪና የሚሸጡ ሰዎች ያለቀ ሞተር የሚደብቁበት ዘዴ ነው፤ ወፍራም ዘይት የሰፋውን ቤት ለጊዜው ይሞላዋል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደዚህ ያለ ነገር አጋልጬ ተመስግኜበታለሁ። አሮጌውን ዘይት አፍስሼ አዲሱን ሞላሁ፤ ቡልቦውን ቀየርኩ፤ ሞተሩን አስነሥቼ ነዳጅ ሳልረግጥ ሃያ ደቂቃ በሚኒሞ አዞርኩት። መብራቷ አልበራችም። ድምፁም ታፈነ።

«ጆሮ ምን አለ?» አሉ ጋሽ ወልዴ። ከወር በላይ ያልሰማሁት ነገር ነው።

«ቡልቦ ነበር ጋሼ። አልኩ እኮ።»

ጋሽ ሸምሱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልጄ፣ አላህ ያሳድግህ። እናቴ ትመርቅሃለች።»

ራሔል ግቢው ጥግ ያፈሰስኩት አሮጌ ዘይት ጋ ቁጢጥ ብላ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ትንሽ ፀሐይ ወጥታለች። ጣቷን ነክራ ነጭ ወረቀት ላይ ቀባችና ወደ ፀሐይ ያዘችው። ከዚያ በጣቷ ጠራችኝ።

«እየው» አለች ዝግ ብላ። ጥቁሩ ዘይት ውስጥ እንደ ዓሣ ቅርፊት ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ። የብሮንዝ ፍቅፋቂ ነው።

«አሮጌ ዘይት ነው። የማን ሞተር ብታፈሺ እንዲህ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ክርክር አልነበረም፤ ያንን ነው የማልረሳው። «ብሩክ፣ በጌጄ አልለካሁትም፤ ስለዚህ አላውቅም። አንተ ግን በሙቁ ነድተሃታል። የአንተን ጆሮ አምነዋለሁ፤ እኔ የሌለኝ ነገር ነው። ምንም አልሰማህም?»

እኔን የሚጠራኝ ሰው ሁሉ «ጆሮ» እያለ፣ እሷ ብቻ በስሜ ትጠራኝ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

«ምንም» አልኳት።

«እሺ» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሪው ቀረበ። ሽሮና ጎመን ነበር። ጋሽ ወልዴ አማተቡ፤ ጠቀለሉ፤ ትልቅ አድርገው ጠቀለሉ። «አፍ ክፈት ጆሮ!» አሉኝ። ጎረስኩት። የራሔልን ፊት ለማየት ፈልጌ ቀና ስል፣ እሷ እየሳቀች ታጨበጭብልኝ ነበር። ጉርሻውን ውኃ ጠጥቼ ነው ያወረድኩት።

የሴቶች አረፋ ዕለት ማለዳ በጋሽ ሸምሱ በር በኩል አለፍኩ። ሳላስበው ነው ያለፍኩት ልበል? አይደለም፤ አስቤ ነው። መኪናዋ ደጅ ቆማ ዕቃ ትጫናለች። ስኳር፣ የሕፃናት ልብስ፣ ለእናታቸው የገዙት አረንጓዴ ሻሽ በላስቲክ እንደተጠቀለለ። ሞተሩ በብርዱ ውስጥ እንደ ድመት ያንኮራፋል። አራቱ ልጆች ኋላ ወንበር ላይ ለመስኮት ይጣላሉ።

«ና እንጂ! መርቀን እንሂድ» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ።

አፌን ከፈትኩ። ለመናገር ነበር፤ እምላለሁ። የወጣው ግን፣ «ጋሼ፣ ዳገት ላይ አያጣድፏት» የሚል ነው።

«ኢንሻአላህ! ከሰዓት በኋላ አተካና ስበላ አስታውስሃለሁ» አሉና ነዱ። ጭቃው ላይ የጎማዋን መስመር እያየሁ ትንሽ ቆምኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የጋሽ ወልዴ ስልክ ጮኸ፤ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ከአለም ገና ወዲያ፣ ጢያ ሳይደርሱ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ብረት ከብረት ነክሶ ቆሟል። በጋራዡ ፒክ አፕ ተነሣን፤ ጋሽ ወልዴ ይነዳሉ፣ ራሔል መሐል፣ እኔ በር ጋ። መንገዱ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው፤ ማሳው ውኃ ቋጥሯል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደብተሬን አወጣ ነበር። ራሔል አንድ ጊዜ «ጥፋት ሠራሁ» አለች፤ ለራሷ ይመስላል።

ስንደርስ መኪናዋ የመንገድ ዳር ቦይ ጋ አዘንብላ ቆማለች። ሚስታቸውና ልጆቹ በሚያልፍ አይሱዙ ለምነው ተጭነው ሄደዋል። ጋሽ ሸምሱ ብቻቸውን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አረንጓዴው ሻሽ ጉልበታቸው ላይ ነው። በጥድፊያው ከልጆቹ ጋር ሳይልኩት ቀርተዋል።

ጋሽ ወልዴ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘው አሸተቱና ዞር አሉ። «ማነው ይህን ዘይት የሞላው?» ብለው ሳይጨርሱ ራሔል ወደ ጋሽ ሸምሱ ሄደች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ከኪሷ ያቺን ወረቀት አወጣች። «ዘይቱ ውስጥ ብረት አይቼ ነበር። መለኪያው በእጄ እያለ ሳልለካ ለቀቅኩዎት። ብሩክ ቢሰማ ኖሮ ይናገር ነበር፤ ጆሮ አንዳንዴ አይሰማም፤ ሰው ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቼ ዝም አልኩ።»

አሁን የምለውን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሷ እንደዚያ ስትል መጀመሪያ የተሰማኝ ሐፍረት አይደለም፤ ቅናት ነው። በጥፋቷ እንኳ ቀናሁባት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሷ ወስዳ አሳምራ ለበሰችው። ደግሞ «ጆሮ አንዳንዴ አይሰማም» አለች። የእኔ ጆሮ! ጋሽ ወልዴ ሲሰሙ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ፤ ልክ ናት፣ ይኸ ልጅ ድሮም ግምት ነው የሚሉ መሰለኝ። ያንን አልቻልኩትም።

«ሦስተኛው ነው» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። «ምን?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«የሦስተኛው ቢዬላ ብሮንዝ ነው። ስትከፍቱት ታዩታላችሁ። ሜክሲኮ አደባባይ ቆሜ ገመዱን ነቅዬ ለይቼዋለሁ። ሰምቻለሁ። ወፍራም ዘይት የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ዝናብ ሊመጣ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ቀስ ብለው ከድንጋዩ ተነሡ።

«ሰምተህ ነው?»

«ሰምቼ ነው ጋሼ።»

«ልጆቼ ሲጫኑ እያየህ?»

ሻሹን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩኝ። «ሳትሰማ ቀርተህ ቢሆን ይቅር እልህ ነበር» አሉ። ከዚያ ዞረው መንገዱ ላይ ቆሙና ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጃቸውን ያነሡ ጀመር። አንድ የጭነት መኪና አቆመላቸው። እናታቸው ቤት የደረሱት ጨልሞ፣ ቤተ ዘመድ በልቶ ከተበተነ በኋላ እንደሆነ ቆይቼ ሰማሁ። እናታቸው ድርሻቸውን ከድነው አኑረው ነበር አሉ፤ ግን ከእጃቸው አላጎረሷቸውም። ቃል ቃል ነው።

መኪናዋን ጎትተን መጣን። ሞተሩን ያወረድኩትም የሠራሁትም እኔ ነኝ፤ ስድስት እሑድ፣ ያለ ክፍያ፣ ማንም ሳያግዘኝ። ቢዬላዎቹ የሚያዞሩት ኮሎ ላይ ሦስተኛው ቦታ ተቧጥጦ ሰማያዊ ሆኗል፤ ብሮንዙ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ጋሽ ወልዴ መጥተው አዩ፤ «ሦስተኛው» ብለው ብቻ ሄዱ። አላባረሩኝም። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን «ጆሮ» ብለውኝ አያውቁም። «ብሩክ» አሉኝ፤ እንደማንኛውም ሰው። ምሳ ላይም ከትሪው ዳር ተቀምጬ በራሴ እጅ በላሁ። ጋሽ ሸምሱ መኪናቸውን ሲረከቡ አመሰገኑኝ፤ በጨዋ ሰው አመሰጋገን፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ራሔል ያኔ ለሳምንት ያህል አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ ቀን ጌጇን እያጸዳች፣ «ብትክድ ማንም አያውቅብህም ነበር» አለችኝ። «እኔ ጥፋቱን ወስጄልህ ነበር። አንተ ግን ዝም ማለት አልቻልክም። ያ ቀላል አይደለም።» እውነቱን ልነግራት ፈለግሁ፤ ሕሊናዬ አልነበረም ያናገረኝ፤ ጆሮዬ አይሰማም መባሉ ነው ልላት። ራሷን ነቅንቃ ሄደች፤ እኔም ተውኩት።

አሁን የራሷ ጋራዥ አላት፤ ሰባት ሰው ታሠራለች። ባለፈው ወር ለሥራ ጉዳይ ሄጄ ነበር። ቢሮዋ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ሠራተኛዋን ስታናግር ሰማኋት። ቁጣ አልነበረም ድምፅዋ ውስጥ። «እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ» ትለዋለች፤ «ጥፋቱን ሌላ ሰው በፈቃዱ ወስዶለት፣ ነጻ ወጥቶ ሳለ፣ እውነቱን መደበቅ ስላልቻለ ብቻ በሰው ፊት ቆሞ ‹እኔ ነኝ› አለ። ስሙንና ክብሩን በዚያ ቀን አጣ። እንደሱ ሁን።»

በሩን ሳላንኳኳ ትንሽ ቆምኩ። ብዙ ሰው ላይ ቀንቻለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ስንኝ በጻፈ ሁሉ ላይ፣ ከእኔ ቀድሞ በተጠራ ሁሉ ላይ። እሷ ለዚያ ልጅ እንደምትነግርለት ሰው ግን ማንም አላስቀናኝም። ስሙ የእኔ ስም ነው፤ መንገዱ ዳር ላይ የቆመውም እኔ በቆምኩበት ቦታ ነው። አግኝቼው አላውቅም።